ውኃው ከአሸዋ በታች ነው፦ የሐርጌሳ ወንዝና የዳሩ ሰዎች

ሐርጌሳ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን መንገድ ዳር የሽልንግ ክምር ደርድረው የሚቀመጡት መንዛሪዎች፣ ከጂጂጋ በቶጎ ውጫሌ በኩል አቧራ እያስነሳ የሚከንፈው የጫት መኪና፣ ወይም መሀል ከተማ ላይ ከፍ ብሎ የቆመው የጦር አውሮፕላን ነው። ከመካከላችን በዚያች ከተማ ያለፈ፣ ጥቂት ወራት የተቀመጠባትም አይጠፋም። ወንዟን ግን ስንቶቻችን ልብ ብለን አይተናል? «ሐርጌሳ ደግሞ ምን ወንዝ አላት?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። አይፈረድበትም። ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ወንዙ ወንዝ አይመስልም። ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ፍየል ይሄድበታል፣ የአህያ ጋሪ ይሄድበታል፣ መኪናም ድልድዩ ሲጨናነቅ በአሸዋው ላይ ያቋርጣል።

ይሄ የአሸዋ ሜዳ ስም አለው፤ ማሮዲ ጄህ ይባላል። ከተማዋ ያለችበት ክልልም ዛሬ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ሐርጌሳ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በዚህ አሸዋ ዳር የተቀመጠች፣ ማሽላ የምትዘራ ትንሽ የገጠር መንደር ነበረች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመንደሪቱን ታሪክና የመሬቱን አቀማመጥ ማስተዋወቅ ነው። በዚያውም የወንዙ ሰዎች በ1988 ወደ ኢትዮጵያ ሲሰደዱ ለምን ያን ያህል በውኃ ጥም እንደተሰቃዩ እንመለከታለን፤ መልሱ ያለው ከመሬቱ አቀማመጥ ላይ ነውና። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። 1988 በእኛ 1980 ዓ.ም. መሆኑ ነው።)

ቶግ ማለት ምንድን ነው?

በሶማሊኛ እንዲህ ያለ፣ ሲዘንብ ብቻ የሚፈስ ወንዝ «ቶግ» ይባላል። እኛ ቶጎ ውጫሌ የምንላት የጠረፍ ከተማ ስም የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። ከወሎው ውጫሌ፣ ከምኒልክና ከጣልያን ውል ጋር ምንም አያገናኛትም፤ ይህንን የሚያደናግሩ ስላሉ በመንገዳችን ላይ ብናነሳው አይከፋም። የድሬዳዋ ልጆች ደግሞ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ደቻቱን ማሰብ ነው። ደቻቱም እንዲሁ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ከላይ ከደጋው ዝናብ ሲጥል በደቂቃዎች ውስጥ ደራሽ ይሆናል። በነሐሴ 2006 ሌሊት ላይ የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ጨርሷል። ቶግ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ዳሩ ላይ መኖር ጥቅምም አደጋም አለው።

ማሮዲ ጄህ የሚነሳው ከሐርጌሳ በስተምዕራብ ካለው ከፍተኛ መሬት ነው። ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ሰሜንና ደቡብ ብሎ ይከፍላታል። ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፍና እየወረደ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ያመራል። ከተማዋ ያለችበት ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ለሰው ይስማማል። ሙቀቱ እንደ በርበራ አያቃጥልም።

ማሮዲ በሶማሊኛ ዝሆን ነው። ስሙ ዝሆን በዚህ ሸለቆ ይውል ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። ዛሬ በዚያ አገር ዝሆን የለም። ለሐርጌሳ ሰው የሚቀርበው የዱር ዝሆን በእኛ በኩል፣ ከሐረር በታች ባቢሌ ነው ያለው። እሱም በ1970 የተከለለ መጠለያ ነው። ስደተኛ በሉት!

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጎርፉ በጥቂት ሰዓት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ሁሉም ግን ወደ ባሕር አይሄድም። ከፊሉ ወደ አሸዋው ይሰርጋል። ከአሸዋው ሥር ውኃ የማያሳልፍ ድንጋይ ወይም ሸክላ አፈር ካለ ውኃው እዚያ ይጠራቀማል። ሸካራ አሸዋ ከመጠኑ እስከ ሩብ የሚደርስ ውኃ በውስጡ ይዞ ሊሰጥ ይችላል። ከላይ አንድ ክንድ ያህል ደረቅ አሸዋ ከሸፈነው ደግሞ ፀሐይ አያተነውም፣ ከብት አይረግጠውም፣ ትንኝም አይራባበትም። እንደ ጎተራ ነው። የአገሩ ሰው ይህን ጎተራ እንዴት እንደሚከፍት ያውቃል። ወንዙ የሚታጠፍበትን፣ አለት የሚያግደውን ቦታ መርጦ በእጅ ይቆፍራል፤ ዝናብ ካለፈ በቅርብ ጊዜ ከሆነ በጉልበት ልክ፣ ድርቅ ሲጠና ከሰው ቁመት በላይ።

በወንዝ አሸዋ ላይ የሚቆፈረው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ «ላስ» ይባላል። የብዙ ቦታ ስም ከዚህ ቃል ይነሳል። ላስ ጌል የግመሎች ጉድጓድ ማለት ነው። ላስ አኖድ የወተት ጉድጓድ ማለት ነው። ጠለቅ ያለው ጉድጓድ ደግሞ «ኤል» ነው። በልማዱ ሕግ ጉድጓዱ የቆፋሪውና የዘመዶቹ ነው፤ ከብት ለማጠጣት ተራ አለ፣ ተራውን የሚያስከብሩ ሽማግሌዎች አሉ። ለግመል ውኃ ሲቀዳም ቀጂዎቹ ተሰልፈው በዜማ እየተቀባበሉ ነው የሚቀዱት። የሶማሌ የውኃ መቅጃ ዜማ ራሱን የቻለ የግጥም ዓይነት ነው። እኛ ቧንቧው ጋ ጀሪካን ደርድረን የምንሰለፈው ሰልፍ ዜማ የለውም እንጂ ሥርዓቱ አንድ ነው፣ ጠቡም አንድ ነው።

የሼኽ ማዳር መንደር

በ19ኛው መቶ ዘመን ከኦጋዴንና ከሐረር በኩል ወደ በርበራና ወደ ቡልሃር ወደብ የሚወርድ የግመል ቅፍለት ብዙ ነበር። ቆዳ፣ ቅቤ፣ ሙጫ፣ ከብት ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ሩዝና ተምር ይወጣል። ቅፍለት ደግሞ የሚያድረው ውኃ ያለበት ነው። ማሮዲ ጄህ ከእነዚህ ማደሪያዎች አንዱ ነበር።

እዚህ ውኃ ዳር ቋሚ መንደር ያቆሙት ሼኽ ማዳር ይባላሉ። በርበራ የተወለዱ፣ ሐረር ሄደው የተማሩ፣ የቃዲሪያ ጠሪቃ ሰው ነበሩ። በመቶ ዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ተከታዮቻቸውን ይዘው በወንዙ ዳር ሰፈሩ። የሰፈሩት ሰዎች ከአንድ ጎሣ ብቻ አልነበሩም፤ ያሰባሰባቸው ሃይማኖቱ ነው። ለከብት አርቢ አገር አዲስ ነገር የነበረውም ማሽላ መዝራታቸው ነው። ከብት ተከትሎ ይዞር የነበረ ሰው በአንድ ቦታ ተቀምጦ ማረስ ሲጀምር ውኃ ያስፈልገዋል፣ ያንን ደግሞ ወንዙ ሰጠ።

የከተማዋ ስም ከየት መጣ ለሚለው ሁለት ነገር ይነገራል። አንዱ «ሐርጎ» ከሚለው፣ ቆዳዎች ማለት ነው፣ ከቆዳ ንግዱ የመጣ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ሼኹ ከተማሩባት ከተማ ጋር አያይዞ «ትንሿ ሐረር» ከሚል የዐረብኛ አጠራር ያመጣዋል። ለእኛ ሁለተኛው ይጥመናል፤ መቼም ሐረርን የሚያውቅ አንባቢ ያደላልናል። የቆዳው ነገር ግን ከንግዱ ጋር ሲታይ የሚናቅ አይደለም።

በ1890ዎቹ አገሩን ዞሮ የቃኘው ስዌይን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን መንደሪቱን በመጽሐፉ ገልጿታል። መንደሪቱ ከወንዙ ቀኝ ዳር ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብላ፣ ከወንዙ ወለል አሥር ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነበር የተቀመጠችው። በዙሪያዋ አራት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የማሽላ እርሻ ነበር። በሁለቱም ዳርቻ ከብት፣ ግመል፣ በግና ፍየል ይሰማራል። ከወንዙ ውስጥ ጥሩ ውኃ በብዛት ይገኛል፤ በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድም ነበር፣ ጠባቂው ከኤደን የመጣ ዐረብ ነው።

ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉልን። መንደሪቱ ወንዙ አጠገብ ሆና ግን ከፍ ብላ፣ ፈቀቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። ሼኹና ሰዎቻቸው ደራሽ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ኋላ ከተማዋ ስትሰፋ ግን ሰው ወደ ወንዙ ከንፈር ተጠግቶ ሠራ።

በወንዙ ላይና ታች

ሐርጌሳ ስታድግ የገጠሩን ሥራ ለሌሎቹ የወንዝ ዳር መንደሮች ተወችላቸው። ከከተማዋ በስተምዕራብ በገቢሌይና በቶጎ ውጫሌ መንገድ ስንሄድ አረብሲዮ አለች። ደረቁ አገር መሀል ድንገት አረንጓዴ የሚታይባት የቶግ ሸለቆ ናት። ገበሬው ከወንዙ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ በትንሽ የናፍጣ ሞተር ውኃ ይስባል፤ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ቲማቲምና ሰላጣ ያለማል። የሐርጌሳ ገበያ ላይ የሚታየው አትክልት ከኢትዮጵያ ከሚገባው ሌላ ብዙው ከእንዲህ ዓይነት መንደሮች ነው። ቀሪው ሜዳ ማሽላና በቆሎ ነው፤ እሱ ግን ዝናብ ካልመጣ የለም።

ከከተማዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ አው በርኸድሌ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ትንሽ ብትሆንም በአገሩ ሰው ዘንድ ክብሯ ትልቅ ነው። ሼኽ ዩሱፍ አል-ከውኔይን የተቀበሩት እዚያ ነው። ዛሬም በየዓመቱ ለዚያራ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ቁርኣን ቤት የተማረ ሶማሌ ሁሉ ፊደሉን የሚቆጥረው «አሊፍ ላ ኮርደበይ» እያለ ነው፤ ይህን የዐረብኛ ፊደል በሶማሊኛ የማስተማር ዘዴ ያወጡት እኚህ ሼኽ ናቸው ይባላል። የይፋትና የአዳል ገዢዎች የነበሩት ወላስማዎችም ዘራቸውን ከእርሳቸው ይቆጥሩ ነበር። ይፋት ዛሬ ሰሜን ሸዋ ነው። ስለዚህ ከሸዋ ግርጌ የተነሳ የነገሥታት ታሪክ ሐረጉ እዚህች የሐርጌሳ ገጠር ድረስ ይደርሳል ማለት ነው።

ከዚያ አለፍ ሲል ላስ ጌል ነው። ሁለት ደረቅ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አለታማ ኮረብታ አለ። በአለቱ ጥላ ሥር በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ቀለም የተሳሉ ከብቶች ሞልተዋል፤ ቀንዳቸው እንደ በገና የታጠፈ፣ አንገታቸው ጌጥ የለበሰ፣ ከሥራቸው እጁን የዘረጋ ሰው። የአካባቢው እረኞች ድሮም ያውቋቸው ነበር። ዓለም የሰማቸው ግን በ2002 የፈረንሳይ የቅርስ ተመራማሪዎች አይተው ከጻፉ በኋላ ነው። ዕድሜያቸው አምስት ሺህ ዓመት አካባቢ ይገመታል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ደግሞ የተሳለው ላም መሆኑ ነው። ላም እንደ ግመል ውኃ ሳትጠጣ ሳምንት አትቆይም። ያን ጊዜ አገሩ ዛሬ ካለው የበለጠ ውኃና ሣር ነበረው ማለት ነው። ቦታው ግን ያው የወንዝ መገናኛ፣ ያው «ላስ» ነው።

ጉድጓድ ያለው አገርና ጉድጓድ የሌለው አገር

የሐርጌሳ አካባቢ መሬት ከሰሜን ወደ ደቡብ ሦስት ዓይነት ነው። ከባሕሩ ዳር ያለው ቆላ «ጉባን» ይባላል፤ የተቃጠለ ማለት ነው። ከሱ በላይ ተራራውና ከፍተኛው ሜዳ «ኦጎ» ነው። ሐርጌሳ፣ ቶጎቹና ጉድጓዶቹ ያሉት እዚህ ነው። ከኦጎ በስተደቡብ ደግሞ «ሃውድ» የሚባለው ሰፊ ሜዳ ይዘረጋል፤ አብዛኛው በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ውስጥ ነው።

ሃውድ ሣሩ የተመሰከረለት ነው። ውኃ ግን የለውም። ወንዝ የለም፣ በእጅ ተቆፍሮ የሚደረስበት ጉድጓድ የለም። ዝናብ ሲዘንብ ኩሬ ይሞላል፤ ኩሬው እስኪደርቅ ድረስ ከብቱ ይግጣል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ሰው በሲሚንቶ የተለሰነ ማጠራቀሚያ፣ ቢርካ የምንለውን፣ መሥራት ጀምሯል፤ እሱም ቢሆን የሚሞላው ከሰማይ ነው። ስለዚህ የአርብቶ አደሩ ዓመት እንዲህ ነበር፦ በጉ ወራት፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ዝናብ፣ ወደ ሃውድ መውረድ፤ በጅላል፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ወደ ኦጎ ጉድጓዶች መመለስ። ሣሩ በአንድ በኩል፣ ውኃው በሌላ በኩል።

ድንበር የመጣው በዚህ መሀል ነው። በ1897 የእንግሊዙ መልዕክተኛ ሮድ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ሲዋዋል፣ የወሰኑ ነገር ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር በተጻጻፉት ደብዳቤ ተወሰነ። መስመሩ ሣሩን ከጉድጓዱ ለየው። ተዋዋዮቹ ይህን አላጡትም፤ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሣዎች ድንበሩን ተሻግረው እንዲያግጡና በቅርብ ካለው ጉድጓድ እንዲጠጡ የሚፈቅድ ቃል አስገብተውበታል። በሁለቱ መንግሥታት ውል ውስጥ ጉድጓድ የሚለው ቃል መግባቱ የአገሩን ጠባይ ይናገራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ሃውድን ለጥቂት ዓመታት ስታስተዳድር ቆይታ በ1954 ውል ለኢትዮጵያ መለሰች፤ በሐርጌሳና በበርበራ ብዙ ቁጣ ተነሳ። ሐርጌሳ ያን ጊዜ መንደርነቷ ቀርቷል። እንግሊዞች በ1941 ጣልያንን አስወጥተው ሲመለሱ ዋና ከተማቸውን ከበርበራ ወደዚያ አዛውረው ነበር።

ስደት በሁለቱም አቅጣጫ

ከ1977 እስከ 1978 በነበረው የኦጋዴን ጦርነት ምክንያት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከኢትዮጵያ ወደ ሶማሊያ ተሰደደ። ሶማሌም ኦሮሞም ነበረበት። በሐርጌሳ ዙሪያ ካሉት ቶጎች አጠገብ ካምፖች ተተከሉ፤ ሳባአድና ላስ ዱሬ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ላስ የሚለውን ቃል እዚህም አያችሁት።

አሥር ዓመት ሳይሞላ መንገዱ ተገለበጠ። በሚያዝያ 1988 መንግሥቱ ኃይለማርያምና ዚያድ ባሬ ተስማሙ። ከ1982 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ይዋጋ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መውጫ ሲያጣ በግንቦት መጨረሻ ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ መንግሥት መልስ ከተሞቹን ማውደም ሆነ። አውሮፕላኖቹ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሱ ያችኑ ሐርጌሳን ደበደቡ። ከተማዋ አብዛኛዋ ፈረሰች። በአስር ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። የተረፈው በእግሩ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ፣ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ተጓዘ፤ መንገድ ላይም ከአየር ተተኮሰበት።

የደረሰበት ቦታ ሐርቲሼክ ነው፤ ጂጂጋ አካባቢ፣ ሃውድ ውስጥ። ልብ በሉ፣ በጉድጓድ የሚኖር ሕዝብ ጉድጓድ በሌለው አገር ተጠለለ። ከብት ይዞ በዝናብ ወቅት ቢሆን ሃውድን ያውቀዋል፤ ሲደርቅ ጥሎ ይወጣል። አሁን ግን መውጫ የለውም፤ ጉድጓዶቹ ያሉት ጦርነቱ ባለበት ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በቦቴ መኪና በሚመጣ ውኃ ላይ ተንጠለጠለ። መኪናው ተበላሸ፣ ጭቃ ያዘው፣ ነዳጅ አለቀ ማለት የዚያን ቀን ውኃ የለም ማለት ነው። ዛሬ የስደተኞች ኮሚሽነር ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ይላል፤ አንድ ጀሪካን መሆኑ ነው። በሐርቲሼክ መጀመሪያ ዘመን ያ ሕልም ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። ራሽኑ እህልና ዘይት ነው፤ አትክልት የለበትም። በ1989 በሐርቲሼክ ስከርቪ ገባ። ድድ የሚያደማ፣ መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ፣ በቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣ በሽታ ነው። ሎሚና ዘይቱን ይበቅልበት ከነበረው የቶግ ዳር በጥቂት ቀን የእግር መንገድ ርቀት ላይ ሰው በሎሚ እጦት ታመመ። እዚህ ላይ ግን የሌላውንም ወገን አንርሳ፦ በ1980ዎቹ በሶማሊያ ካምፖች የነበሩ የኢትዮጵያ ስደተኞችም በዚሁ በሽታ ተይዘዋል። የራሽን ጠባይ ድንበር አያውቅም። በካምፕ ቤታችሁ ደጃፍ በእጣቢ ውኃ ሁለት የቃሪያና የቲማቲም እግር የምታበቅሉ እናቶች የምትሠሩት ሥራ ጨዋታ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ሐርቲሼክ ከዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ የተባለበት ጊዜ ነበር። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ስምንት መጠለያዎች ተከፍተው፣ ከፍ ባለው ጊዜ ከ600 ሺህ በላይ ስደተኛ ተመዝግቧል። ሰውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሐርቲሼክ የኮንትሮባንድ ገበያ ሆነች፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ቴፕና ልባሽ ጨርቅ ፍለጋ የሚመጣ ነጋዴ ነበር። ይህን የሚያስታውሱ አንባቢዎች ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም።

ከተመለሱ በኋላ

በ1991 መጀመሪያ ዚያድ ባሬ ወደቀ፤ በግንቦት 18 ቡርዖ ላይ ሶማሌላንድ ነጻነቷን አወጀች። ሰው መመለስ ጀመረ። ያገኘው ጣሪያ የሌለው ግድግዳና በፈንጂ የታጠረ ሜዳ ነው። በሩ፣ መስኮቱ፣ ቆርቆሮው ተነቅሎ ተሸጧል። ብዙዎቹ የካምፑን ሸራ ይዘው መጥተው በፍርስራሻቸው ላይ ወጠሩት። አመላለሱም በአንድ ጊዜ አልነበረም። በ1994 ሐርጌሳ እንደገና ውጊያ ሲነሳ ወደ ካምፕ ተመልሶ የሄደም ብዙ ነው። ሐርቲሼክ የተዘጋው በ2004 ነው። ከስምንቱ አንዱ የነበረው ቀብሪበያህ ግን ከደቡብ ሶማሊያ የመጡ ስደተኞችን ይዞ እስካሁን አለ።

ወንዙ የደበቀውንም አወጣ። በግንቦት 1997 በሐርጌሳ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ በከተማዋ ዳር ማልኮ ዱርዱሮ በሚባለው ቦታ አፈሩን ሲገምሰው የሰው አጽም ታየ። እጅ ለእጅ በገመድ የታሰሩ ነበሩበት። በ1988 የተገደሉ ሰዎች የጅምላ መቃብር ነው። ዱርዱር በሶማሊኛ የሚፈስ ውኃ ነው። መልካ የሚለውን ቃል ደግሞ መልካ ጀብዱ፣ መልካ ወረር፣ መልካ ቁንጡሬ ስንል የወንዝ መሻገሪያ መሆኑን እናውቀዋለን፤ የቦታው ስም ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም። በዚያ ዓመት መጨረሻ የውጭ አገር የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎች መጥተው ቦታውን አዩት። በኋላ ዓመታትም ቁፋሮው ቀጥሎ ቤተሰብ ያልቀበራቸው ሰዎች አጽም በሥርዓት ተቀብሯል።

ዛሬ የሐርጌሳ ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይገመታል። ይህን ሕዝብ የማሮዲ ጄህ አሸዋ ብቻውን አይችለውም። የቧንቧው ውኃ የሚመጣው ከከተማዋ በስተሰሜን ሃያ ኪሎ ሜትር ያለፈ ርቀት ላይ ካለው ጌድ ዴብሌ ነው። በ1970ዎቹ ቻይናዎች ጉድጓድ ቆፍረው መስመር የዘረጉት ለትንሿ ሐርጌሳ ነበር። ኋላ ቢሰፋም ከተማዋ ቀድማዋለች። ቧንቧ ያልደረሰው ሰፈር ከቦቴና ከአህያ ጋሪ ይገዛል። ድሀው ለአንድ ጀሪካን የሚከፍለው ቧንቧ ካለው ሀብታም ይበልጣል፤ ይሄ በሐርጌሳ ብቻ የሚታይ አይደለም።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። የወንዝ ዳር ገበሬው ጉድጓዱን እያጠለቀ፣ ለናፍጣ እየተበደረ ከረመ። ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ደግሞ ወደ ከተማው ዳር መጥቶ የጨርቅ ጎጆ ቀለሰ። በ2023 መጀመሪያም በላስ አኖድ ጦርነት ሲነሳ መቶ ሺህ ያህል ሰው ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተሻገረ። የተጠለለው ያው የውኃ ችግር ባለበት ጠረፍ ላይ ነው። የ1988ቱን ያየ ሽማግሌ ሁለተኛ ጊዜ የተሰደደበት ቤተሰብም አይጠፋም።

ወንዙን አሁን የሚጎዳው ግን ድርቅ ብቻ አይደለም። ከተማዋ በሲሚንቶ እየተሠራች ነው፤ ሲሚንቶ አሸዋ ይፈልጋል። ገልባጭ መኪኖች ከቶጉ ወለል አሸዋ ይጭናሉ። ቅድም ጎተራ ያልነው እሱ ነው። አሸዋው ሲሳሳ ጎርፉ የሚሰርግበት ያጣና በፍጥነት ያልፋል፤ በዳር ያሉ ጉድጓዶችም ቶሎ ይደርቃሉ። ቆሻሻም እዚያው ይደፋል። ፌስታሉ፣ የእንስሳ አጥንቱ፣ ከጋራዥ የሚወጣው ዘይት ሁሉ ዝናብ ሲመጣ ወደ ታች፣ ወደ ገጠሮቹ ይሄዳል። የከተማው ሰው በድልድይ ላይ ስለሚያልፍ ይሄ ብዙም አይታየው ይሆናል፤ የታች መንደሮቹ ግን ከዚያው አሸዋ ነው የሚጠጡት።

ስለ ድልድዩ ካነሳን፣ ሐርጌሳ ለአሥርተ ዓመታት ሰሜንና ደቡቧን የምታገናኘው በአንድ ድልድይ ነበር። ቶጉ ሲሞላ ገበያ የሄደች እናት ማዶ ቀርታ ልጇን ቤቱ እያየች ውኃው እስኪጎድል ትጠብቃለች። ከጊዜ በኋላ ተጨማሪ ድልድይ ተሠርቷል። ደረቁ ወቅት ሲሆን ግን ብዙው እግረኛ ዛሬም ድልድይ አይፈልግም። በአሸዋው ላይ ቀጥ ብሎ ይሻገራል፤ የሼኽ ማዳር ሰዎችም ማሽላቸውን ተሸክመው በዚያው ነበር የሚሻገሩት።